ንጉሥም ባሪያም ሆኖ የታየው ሰው
ስለ ተዋናዩ ዉዲ ስትሮድ ለፊልም ወዳጆች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለፊልም ወዳጅ አንባቢያን፤

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ተዋናይ ነው። ስሙን ላታውቁት ትችላላችሁ፤ ፊቱን ግን ሳታዩት አልቀራችሁም። «አሥርቱ ትዕዛዛት» የተባለውን የሴሲል ዴሚል ፊልም አስታውሱ። በ1956 የወጣ፣ ሦስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ የሚፈጅ ፊልም ነው (በዚህ ደብዳቤ የጠቀስኳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አሜሪካ የምትኖሩ ወገኖቼ ኤቢሲ የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ በየፋሲካው ሰሞን ሲያሳየው ታውቁታላችሁ። በፊልሙ መጀመሪያ ላይ ሙሴ፣ ገና የግብፅ መስፍን ሳለ፣ ከዘመቻ ተመልሶ ወደ ፈርዖን ሴቲ አዳራሽ ይገባል። ዘምቶ የመጣው ከኢትዮጵያ ነው። ባለሟሎቹ በሰንሰለት የታሰረ ምርኮኛ ሲጠብቁ እሱ የኢትዮጵያን ንጉሥና የንጉሡን እኅት ጣርቢስን በወዳጅነት ይዞ ይቀርባል። እኅትየዋ ከአገሯ ተራራ የወጣ አረንጓዴ ድንጋይ ለሙሴ ታበረክታለች። ከጎኗ የቆመው ንጉሥ ረጅም፣ ደረተ ሰፊ፣ አንገቱ ቀና ያለ ሰው ነው። ጥቂት ደቂቃ ይታያል፤ ከዚያ ታሪኩ ጥሎት ይሄዳል።

ያ የኢትዮጵያ ንጉሥ ዉዲ ስትሮድ ነው።

ዴሚል ታሪኩን ከባዶ አልፈጠረውም። በመጀመሪያው ምእት ዓመት የኖረው አይሁዳዊው የታሪክ ጸሐፊ ፍላቪየስ ጆሴፈስ ሙሴ ወደ ኢትዮጵያ ዘምቶ የንጉሡን ልጅ ጣርቢስን እንዳገባ ጽፏል። የጆሴፈስ ኢትዮጵያ ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለው፣ ዋና ከተማው በኋላ ሜሮዌ የተባለው አገር ነው። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 12 ላይም ሙሴ ኢትዮጵያዊት ሴት እንዳገባ ተጽፎ እናነባለን። ፊልሙ ልጂቱን እኅት አደረጋትና ንጉሡን ራሱን አዳራሹ ድረስ አመጣው። ለዚህ ንጉሥ የሚሆን ግርማ ሞገስ ሲፈለግ የተገኘው ከሎስ አንጀለስ የመጣ የቀድሞ የእግር ኳስ ተጫዋችና ነጻ ትግል ታጋይ ነበር።

እንድጽፍላችሁ ያስገደደኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ስትሮድ በዚያ ፊልም ውስጥ የሠራው ሁለት ሰው ሆኖ ነው፤ አንድ ጊዜ የኢትዮጵያ ንጉሥ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ባሪያ። በአንድ ፊልም፣ በአንድ አካል፣ ዘውድ የደፋም ሸክም የተሸከመም እሱ ነው። የሃምሳዎቹ ሆሊውድ ጥቁር ሰውን የሚያይበት ዓይን በዚህ በአንዱ ፊልም ላይ ተጠቃሎ ይገኛል። ጥቁር ሰው ወይ ከሩቅ አገር የመጣ ድንቅ ንጉሥ ይሆናል፣ ወይ የሰው ንብረት ይሆናል። በሁለቱ መካከል ያለው ሰፊ ቦታ፣ ማለትም ሚስት አግብቶ፣ ተቆጥቶ፣ ተሳስቶ፣ አስቦ የሚኖር ተራ ሰው የሚሆንበት ቦታ፣ ለስትሮድ አልተሰጠውም። የስትሮድ የሃምሳ ዓመት ሥራ ያንን ያልተሰጠውን ቦታ በራሱ አካል ለማግኘት ያደረገው ትግል ነው ብዬ አምናለሁ። እናንተም ነገሩን አይታችሁ እንድትፈርዱ ልተርክላችሁ።

ዉድሮው ዊልሰን ዉልዋይን ስትሮድ በሐምሌ 1914 በሎስ አንጀለስ ተወለደ። ወላጆቹ ከኒው ኦርሊንስ የመጡ ነበሩ። በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በተለምዶ ዩሲኤልኤ በሚባለው፣ በአሥር ዓይነት የአትሌቲክስ ውድድር የሚሳተፍ ስፖርተኛ ሆነ። አሎሎ ወርዋሪም ከፍታ ዘላይም ነበር። በአሜሪካ እግር ኳስ ደግሞ ከኬኒ ዋሽንግተን ጋር አንድ ቡድን ውስጥ ገባ። በ1939 ጃኪ ሮቢንሰን ተጨመራቸው። ሮቢንሰን ከስምንት ዓመት በኋላ የቤዝቦልን የዘር አጥር አፍርሶ በዓለም የታወቀው ሰው ነው። ሬይ ባርትሌትን ጨምሮ አራት ጥቁር ተጫዋቾች ያሉት ያ ቡድን በዚያ ዓመት አንድም ጨዋታ አልተሸነፈም። ከጎረቤቱ ከዩኤስሲ ጋር ያደረገው የመጨረሻው ግጥሚያ ከመቶ ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ እያየው ዜሮ ለዜሮ አለቀ።

ከዚያ በኋላ ግን መንገዱ ተዘጋ። የአሜሪካ የባለሙያ እግር ኳስ ሊግ ከ1934 እስከ 1945 ድረስ አንድም ጥቁር ተጫዋች አላሰለፈም። በሕግ የተጻፈ ክልከላ አልነበረም፤ የቡድን ባለቤቶች ሁሉ ግን ይጠብቁት ነበር። በ1946 ራምስ የተባለው ቡድን ከክሊቭላንድ ወደ ሎስ አንጀለስ ሲዛወር መጫወት የፈለገው በኮሊሲየም ስታዲየም ነው። ስታዲየሙ የሕዝብ ሀብት ነበርና የጥቁር ጋዜጦች የስፖርት ጸሐፊዎች በሕዝብ ገንዘብ በተሠራ ሜዳ ላይ ጥቁር የማያሰልፍ ቡድን ሊጫወት አይገባም ብለው ተሟገቱ። ቡድኑም በመጋቢት ወር ኬኒ ዋሽንግተንን፣ በግንቦት ደግሞ ስትሮድን አስፈረመ። በዚህ ዓይነት ሁለቱ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሊጉን የዘር አጥር ያፈረሱ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ሆኑ። ጃኪ ሮቢንሰን ለብሩክሊን ዶጀርስ ከመሰለፉ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ መሆኑ ነው።

ታሪኩ ግን እንደ ሮቢንሰን ታሪክ አላማረም። ስትሮድ በወቅቱ 32 ዓመቱ ነበር፤ ለእግር ኳስ ተጫዋች እርጅና ነው። በዚያ ወቅት የጨበጠው ኳስ አራት ብቻ ነው። በሚቀጥለው ዓመት አሰናበቱት። በዘረኝነት የባከነውን የጉልበት ዘመኑን ማንም አልመለሰለትም። ወደ ካናዳ ተሻግሮ በ1948 ከካልጋሪ ስታምፒደርስ ጋር የአገሪቱን ዋንጫ አነሳ። ከዚያም በነጻ ትግል መድረክ ላይ እየታገለ እንጀራውን ጋገረ። የፊልም ሰዎች ያዩት ይህን አካል ነው፤ አንድ ሜትር ከዘጠና ሦስት የሚሆን ቁመት፣ የተላጨ ራስ፣ በአሥር ዓይነት ስፖርት የተቀረጸ ሰውነት።

ሆሊውድም አካሉን ቀጠረ። ድምፁን አልቀጠረም። ገና ለራምስ ሳይፈርም፣ በ1941፣ በኬንያ የጦርነት ታሪክ ላይ በተሠራው «ሰንዳውን» ላይ አገሬው ፖሊስ ሆኖ ለአፍታ ታየ። ከአሥር ዓመት በኋላ ሥራው ሲበዛ የጫካ ፊልሞች ዘመን ነበር። ነጭ አዳኝ ወይም ነጭ ሐኪም በካሊፎርኒያ ስቱዲዮ ውስጥ በተተከለ «አፍሪካ» ይመላለሳል፤ ስትሮድ ጦር ይዞ ከኋላው ይቆማል። በ1952 በወጣው «አንድሮክለስና አንበሳው» ፊልም ላይ የተሰጠው ሚና አንበሳውን መሆን ነው። የአንበሳ ቆዳ ለብሶ፣ ፊቱ ሳይታይ፣ በአራት እግሩ ሄደ። ቴሌቪዥን ገና ሲጀምርም እዚያው ነበር። «ራማር ኦፍ ዘ ጃንግል» በተባለው ተከታታይ ድራማ በጫካ ሰውነት ታየ። አስማተኛው ማንድሬክን በሚመለከተው የ1954 የሙከራ ዝግጅት ደግሞ የአስማተኛው ረዳት ሎታር ሆነ። የግላዲያተር ፊልም ሲሠራ ግላዲያተር፣ የታርዛን ፊልም ሲሠራ የጎሣ ተዋጊ፣ የባሕር ወንበዴ ፊልም ሲሠራ ደግሞ ከወንበዴዎቹ አንዱ እሱ ነው። በእነዚህ ዓመታት ላይ ብዙ አልቆይም፤ ሚናዎቹ ለመቆያ የሚበቁ አይደሉም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉልኝ። በእነዚያ ደካማ ፊልሞች ሁሉ ስትሮድ ሲያሽቋልጥ፣ ዓይኑን ሲያንከባልል፣ ራሱን ለሳቅ ሲያቀርብ አላየሁትም። በዚያ ዘመን ለጥቁር ተዋናይ ቀላሉ እንጀራ ይኸው ነበር። እሱ ግን ቀጥ ብሎ ቆመ። ለብዙ ዓመታት የትወና ትምህርት ቤቱ ይህ አቋቋም ሆነለት።

1960 የሕይወቱ ትልቁ ዓመት ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ትልልቅ ፊልሞች ወጡለት፤ ሁለቱም ዛሬ ድረስ ይታያሉ።

የመጀመሪያው የጆን ፎርድ «ሳጅን ራትሌጅ» ነው። ፎርድ በዚያን ጊዜ የካውቦይ ፊልም አባት ተብሎ የሚከበር ዳይሬክተር ነበር። ታሪኩ ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ በ1866 ስለተቋቋመው፣ ወታደሮቹ ጥቁር፣ አዛዦቹ ነጭ ስለሆኑበት 9ኛው የፈረሰኛ ጦር ነው። ሳጅን ብራክስተን ራትሌጅ አንዲት ነጭ ልጃገረድ ደፍሮ ገድሏል፣ አባቷንም ገድሏል ተብሎ በጦር ፍርድ ቤት ይቆማል። ዋርነር ብራዘርስ ለሚናው ሲድኒ ፖይቲየርን ወይም ሃሪ ቤላፎንቴን ነበር የፈለገው። ፎርድ ግን ከስትሮድ በቀር ሌላ አልፈልግም አለ። ስትሮድ ዕድሜው ወደ 46 እየተጠጋ ሳለ ለመጀመሪያ ጊዜ ታሪኩ በሙሉ በእሱ ዙሪያ የሚሽከረከር ሚና አገኘ።

የችሎቱ ትዕይንት የፊልሙ ልብ ነው። ራትሌጅ አምልጦ ሳለ፣ በነጻነት ሊጠፋ የሚችልበት ሜዳ ፊቱ ተዘርግቶ ሳለ፣ ጓደኞቹ የአፓቼ ተዋጊዎች ወጥመድ ውስጥ ሊገቡ መሆኑን አይቶ ሊያስጠነቅቃቸው ተመልሷል። ዐቃቤ ሕጉ ለምን ተመለስክ እያለ ያፋጥጠዋል፤ ምሕረት ለመግዛት ነው ሊያሰኘው ይፈልጋል። ስትሮድ መልሱን የሚሰጠው መጀመሪያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። ከዚያ ቃሉ እየከበደው፣ ጉሮሮው እየተናነቀው፣ ያ ጦር ቤቱ፣ ነጻነቱና ክብሩ መሆኑን ይናገራል፤ ጥሎት ቢሄድ ኖሮ ራሱን እንደ ኮብላይ ባሪያ እንደሚቆጥር ይናገራል። ዘመኑን ሁሉ በአካሉ ብቻ እንዲሠራ የተደረገ ሰው እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ እጁን ሳያወራጭ፣ በፊቱና በድምፁ ብቻ ችሎቱን ይይዘዋል። «ስትሮድ ቁመና እንጂ ችሎታ የለውም» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ይህን ትዕይንት አሳዩት።

በዚህ ፊልም ላይ የደረሰበትን በደልም ልንገራችሁ። ፊልሙ በእሱ ገጸ ባሕርይ ስም ተሰይሟል፤ ታሪኩ የእሱ ነው፤ የተዋንያኑ ስም ዝርዝር ሲመጣ ግን ቀድሞ የሚነበበው የነጩ ጠበቃ መኮንን ሆኖ የሠራው የጄፍሪ ሀንተር ስም ነው። ቀጥሎ የሴቷ መሪ ተዋናይት የኮንስታንስ ታወርስ ይመጣል። የስትሮድ ስም ከእነሱ በታች ነው። የፊልም ሥራ የምታውቁ ሰዎች የስም ቅደም ተከተል ማለት ክፍያ፣ ቀጣይ ሥራና ክብር ማለት እንደሆነ አይጠፋችሁም።

ሁለተኛው ፊልም የስታንሊ ኩብሪክ «ስፓርታከስ» ነው። ከርክ ዳግላስ የሚሠራው ስፓርታከስ ግላዲያተር ሊሆን ሲሠለጥን ድራባ የተባለውን ጥቁር ግላዲያተር ስሙን ይጠይቀዋል። ድራባ አልነግርህም ይላል። ነገ እርስ በርስ እንድንገዳደል ይታዘዝ ይሆናል፣ ስለዚህ መተዋወቅ አይበጀንም ነው ነገሩ። ያ ቀን ይደርሳል። ሎረንስ ኦሊቪየር የሚሠራው ሮማዊው ክራሰስ ከጓደኞቹ ጋር ለመዝናናት መጥቶ ሁለት ጥንዶች እስከ ሞት እንዲጋደሉ ያዝዛል። ድራባና ስፓርታከስ ተራቸውን ሲጠብቁ ጠባብ የእንጨት ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ውጭ የመጀመሪያዎቹ ጥንዶች ሲጋደሉ በድምፅ ብቻ ይሰማል። ስትሮድ እዚህ ምንም አይናገርም። አንድ ጊዜ ፈገግ ይላል። በዚያች ፈገግታ ውስጥ ሐዘኔታም አለ፣ ስንብትም አለ፣ ውሳኔም አለ።

ከዚያ ሜዳው ላይ ይወጣሉ። ድራባ በመንሹና በመረቡ ያሸንፋል፤ የመንሹን ጫፍ በስፓርታከስ ጉሮሮ ላይ ይደግናል። የሮማ እመቤቶች ግደለው ይሉታል። እሱ ግን ስፓርታከስን ያየዋል፤ ቀና ብሎ ከላይ የተቀመጡትን ያያቸዋል፤ መንሹንም ወደ እነሱ ይወረውረዋል። አጥሩን ዘሎ ሲወጣ ወታደር ከጀርባው በጦር ይወጋዋል፤ ክራሰስ በጩቤ ይጨርሰዋል። ሬሳውን ለሌሎቹ ማስፈራሪያ እንዲሆን ዘቅዝቀው ይሰቅሉታል። አመፁ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው።

ልጆች ሆነን ፊልም ስናይ «አክተር አይሞትም» እንል ነበር። ዋናው ሰው ምንም ቢደርስበት እንደሚተርፍ እናውቃለን። ስትሮድ ሁልጊዜ አክተሩ ሳይሆን አክተሩ እንዲተርፍ የሚሞተው ሰው ነበር። በ«ስፓርታከስ» ግን ሞቱ የፊልሙን ታሪክ ለሁለት ከፈለው። ከድራባ በፊት ያለው ባርነት ነው፤ ከድራባ በኋላ ያለው አመፅ ነው። ሦስት ሰዓት በሚረዝም ፊልም ውስጥ የእሱ ድርሻ ጥቂት ደቂቃ ቢሆንም ሌላው ሁሉ የቆመው በዚያች ድርሻ ላይ ነው። ለዚህ ሥራው ለጎልደን ግሎብ የረዳት ተዋናይ ሽልማት ታጨ። ሽልማቱን አላገኘም፤ የድራባን ሞት ያየ ተመልካች ግን አይረሳውም።

በ1962 ፎርድ «ሊበርቲ ቫላንስን የገደለው ሰው» የተባለውን ፊልም ሲሠራ ስትሮድን ፖምፔ አደረገው። ፖምፔ ጆን ዌይን ለሚሠራው ለቶም ዶኒፎን የሚሠራ፣ ከጎኑ የማይለይ ሰው ነው። ይህን ሚና ባየሁት ቁጥር ልቤ ይከፋል፤ ባየሁት ቁጥር ደግሞ አዲስ ነገር አገኝበታለሁ። ጄምስ ስቱዋርት የሚሠራው ጠበቃ ራንሰም ስቶዳርድ በከተማዋ ትምህርት ቤት ከፍቶ ሕጻናትንና አዋቂዎችን በአንድ ክፍል ያስተምራል። ፖምፔ ተነስቶ የአሜሪካን የነጻነት መግለጫ በቃሉ እንዲወጣ ይጠየቃል። ከኋላው ግድግዳው ላይ የሊንከን ሥዕል አለ። ሰው ሁሉ እኩል ተፈጠረ ከሚለው ቃል ሲደርስ ይጠፋበታል። አስተማሪው ያንን ቃል ብዙ ሰው ይረሳዋል ብሎ ያጽናናዋል። ወዲያው ዶኒፎን ገብቶ ሥራ ፈትተህ እዚህ ምን ታደርጋለህ ብሎ ከክፍሉ ያስወጣዋል።

ሽፍታውን ሊበርቲ ቫላንስን በእውነት የሚገድለው ዶኒፎን ነው፤ ጠመንጃውን ለዶኒፎን የሚወረውርለት ደግሞ ፖምፔ ነው። ያ ጥይት ባይኖር የፊልሙ ርዕስ አይኖርም። ዶኒፎን በስካርና በተስፋ መቁረጥ ቤቱን ሲያቃጥል ከእሳት ውስጥ ተሸክሞ የሚያወጣው ፖምፔ ነው። ከዓመታት በኋላ ዶኒፎን ሲሞት ሬሳ ሣጥኑ አጠገብ ተቀምጦ የሚጠብቀው ሽበታም ሰው ፖምፔ ነው። ስቶዳርድ በዚያ ጊዜ ሴናተር ሆኗል፤ ስሙ በአገር ታውቋል፤ ሲሰናበት ለፖምፔ ጥቂት ገንዘብ እጁ ላይ ያኖርለታል። ስቶዳርድ ሥልጣንም፣ ሚስትም፣ አፈ ታሪክም አገኘ። እውነቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚያውቀው ፖምፔ ያገኘው የእጅ ገንዘብ ነው። ፎርድ ይህን ሆን ብሎ ያደረገው ይመስለኛል። እውነተኛ ትርጉሙን ያገኘው ግን በስትሮድ ፊት ላይ ነው። ገንዘቡን ሲቀበል ፊቱ ላይ ምስጋና አለ፣ ምሬትም አለ፤ አንዱ ሌላውን አይሸፍነውም።

ቴሌቪዥንም በእነዚህ ዓመታት ጥሩ ነገር ሰጥቶታል። በ1961 «ሮሃይድ» በተባለው የካውቦይ ተከታታይ ድራማ አንድ ክፍል ላይ ጥቁር የፈረሰኛ ወታደር ሆኖ ሠራ፤ ክፍሉም የተጻፈው በእሱ ገጸ ባሕርይ ላይ ነው። ሮን ኢላይ በሚሠራው የቴሌቪዥን «ታርዛን» ላይም እየተጋበዘ ታየ። በ1966 የሪቻርድ ብሩክስ «ዘ ፕሮፌሽናልስ» መጣ። ስትሮድ ከበርት ላንካስተር፣ ከሊ ማርቪንና ከሮበርት ራየን ጋር ከአራቱ ባለሙያዎች አንዱ ሆነ፤ ዱካ የሚያነብ፣ ቀስት የሚተኩስ ጄክ የተባለ ሰው። በዚህ ፊልም ማንም አያዝንለትም፣ ማንም አይምረውም። ከሌሎቹ እኩል ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው።

ያም ሆኖ ሆሊውድ በሩን በሰፊው አልከፈተለትም። የከፈተችለት ጣሊያን ናት። በ1968 ሰርጂዮ ሊዮኔ «ዋንስ አፖን ኤ ታይም ኢን ዘ ዌስት» የተባለውን ፊልም ሲሠራ በመክፈቻው ላይ ሦስት ሽፍቶች ባቡር ጣቢያ ላይ ሰው ሲጠብቁ ያሳያል። አንዱ ስትሮድ ነው። ከአሥር ደቂቃ በላይ ለጆሮ የሚበቃ ወሬ የለም። የነፋስ መዘውር ሲንቋቋ ይሰማል፤ ዝንብ የሌላውን ሽፍታ፣ የጃክ ኢላምን፣ ፊት ትዞራለች። ከጣሪያው በኩል ውኃ ጠብ ጠብ እያለ በስትሮድ መላጣ ላይ ይወርዳል። እሱ አይነሳም። ባርኔጣውን ያደርጋል፤ ውኃው ባርኔጣው ላይ ይጠራቀማል። በመጨረሻ ባርኔጣውን አውልቆ ያንን ውኃ ይጠጣዋል። ቻርለስ ብሮንሰን ከባቡር ወርዶ ሦስቱንም ይጥላቸዋል።

ስትሮድ ስለዚያ ሥራ ሲናገር ሆሊውድ እንዲህ ፊቱን አቅርቦ ቀርጾት እንደማያውቅ በደስታ መስክሯል። ልብ በሉ፤ በፊልም ከጀመረ 27 ዓመት ሆኖታል። በ27 ዓመት ካሜራው ትከሻውን፣ ደረቱን፣ ጡንቻውን ሲለካ ኖሮ ፊቱን ለማየት የቀረበው ባሕር ተሻግሮ ነው።

በዚያው ዓመት ቫሌሪዮ ዙርሊኒ የተባለው ጣሊያናዊ ዳይሬክተር ሞሪስ ላሉቢ የተባለ አፍሪካዊ መሪ አደረገው። ላሉቢ ማለት በሌላ ስም ፓትሪስ ሉሙምባ ነው፤ በኮንጎ ቀውስ ጊዜ በጥር 1961 የተገደለው ጠቅላይ ሚኒስትር። የኢትዮጵያ ወታደሮችም በተባበሩት መንግሥታት ዓላማ ሥር የዘመቱት በዚያ ቀውስ ነው። በፊልሙ ላሉቢ ተይዞ ይሠቃያል፤ ከአንድ ሌባ ጋር በአንድ ክፍል ይታሰራል። ፊልሙ አሜሪካ ውስጥ «ብላክ ጂሰስ» በሚል ስም ታየ። ለ1968ቱ የካን ፌስቲቫል ውድድር ተመርጦ ነበር፤ በፈረንሳይ በተነሳው ዓመፅ ምክንያት ፌስቲቫሉ ራሱ ተቋረጠ። ዕድሉ እንደገና ሳይሞላለት ቀረ። ያም ሆኖ የአፍሪካን ንጉሥ ለጥቂት ደቂቃ ከሠራ ከ12 ዓመት በኋላ የአፍሪካን መሪ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሠራ፤ አሳቡን ሲናገር፣ ሲከራከር፣ ሲሠቃይ። ያ በንጉሥና በባሪያ መካከል ያለው የሰው ቦታ በመጨረሻ ተሰጠው።

ከዚያ በኋላም ሥራ አላቆመም። በ1984 በፍራንሲስ ኮፖላ «ኮተን ክለብ» ታየ። በ1993 ማሪዮ ቫን ፒብልስ ስለ ጥቁር ካውቦዮች በሠራው «ፖሲ» ላይ ታሪኩን የሚተርከው ሽማግሌ ሆነ። በታኅሣሥ 31 ቀን 1994 በካሊፎርኒያ፣ ግሌንዶራ በ80 ዓመቱ አረፈ። የመጨረሻ ፊልሙ «ዘ ኩዊክ ኤንድ ዘ ዴድ» ከሞተ በኋላ ወጥቶ ለመታሰቢያው ተበረከተ። በ1995 የወጣው «ቶይ ስቶሪ» ላይ ያለው የካውቦይ አሻንጉሊት ዉዲ የተባለውም በእሱ ስም ነው። ልጆቻችሁ ስሙን በየቀኑ ይጠሩታል ማለት ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ስትሮድን በተመለከተ ሁለት ዓይነት ፍርድ ስሰማ ኖሬአለሁ፤ ሁለቱንም አልቀበልም። አንደኛው፣ ስትሮድ ጥሩ ቁመና የነበረው ስፖርተኛ እንጂ ተዋናይ አልነበረም የሚል ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች ትወናን ከንግግር ጋር ያምታቱታል። መናገር የተከለከለ ሰው በአቋቋሙ፣ በአንገቱ፣ በዓይኑ ተናግሮ የተመልካችን ልብ ከነካ ከዚህ የበለጠ ትወና ምን አለ? ሁለተኛው፣ ስትሮድ የዘመኑ ሰለባ ብቻ ነው የሚል ነው። ይህም ይበድለዋል። በደሉ እውነት ነው፤ አልክደውም። ነገር ግን ስትሮድን ስናስብ የተነፈገውን ብቻ ከቆጠርን የሠራውን እንደገና እንነፍገዋለን። ድራባን የሠራው እሱ ነው። ራትሌጅንም፣ ፖምፔንም፣ ላሉቢንም የሠራው እሱ ነው። እነዚህ ሰዎች በፊልም ታሪክ ውስጥ የኖሩት ስትሮድ ስላቆማቸው ነው።

ይህ ነገር ከእኛም ሩቅ አይደለም። በአማርኛ ድራማና ፊልም ዘበኛውና የቤት ሠራተኛዋ የሚገቡት ብዙ ጊዜ ለማሳቅ ነው። አነጋገራቸው ይሾፍበታል፤ ስማቸው እንኳ አንዳንዴ አይጠራም፤ በሩን ከፍተው፣ ቡናውን አቅርበው ይወጣሉ። እነሱን የሚሠሩት ተዋንያን ሌላ ሥራ ሳያገኙ ሲያረጁ እናያለን። ለደራሲዎችና ለዳይሬክተሮች የምለው አለኝ፤ ዘበኛው ከደጅ ተቀምጦ የቤቱን ምሥጢር ሁሉ የሚያውቅ ሰው ነው። ፖምፔም እንዲሁ ነበር። ካሜራውን ወደ ፊቱ አቅርቡት። ስም ስጡት። አንዲት እውነተኛ ዓረፍተ ነገር ጻፉለት። የተዋናዩን ስም በፖስተሩ ላይ በሚነበብ ፊደል አትሙለት፤ ክፍያውንም በሠራው ልክ አድርጉለት።

ለወጣት ተዋንያን ደግሞ፦ ሚናዬ ትንሽ ነው ብላችሁ ከማዘናችሁ በፊት በ«ስፓርታከስ» ውስጥ በእንጨቱ ክፍል ያለውን ትዕይንት ደጋግማችሁ እዩ። ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት። ስትሮድ እጁን የት እንዳኖረ፣ መቼ እንዳየ፣ መቼ ዓይኑን እንደመለሰ ቁጠሩ። ከዚያ «ሳጅን ራትሌጅ»ን አይታችሁ ድምፁን አድምጡ።

እናንተም ተመልካቾች፣ በሚመጣው ፋሲካ «አሥርቱ ትዕዛዛት» በቤታችሁ ሲከፈት፣ የኢትዮጵያ ንጉሥ ወደ አዳራሹ ሲገባ፣ ከጎናችሁ ላሉት ልጆች ስሙን ንገሯቸው። ዉዲ ስትሮድ ይባላል በሏቸው፤ በሠራበት ሁሉ ቀጥ ብሎ የቆመ ታላቅ ተዋናይ ነበር በሏቸው።

አክባሪያችሁ